በተራራው ወይስ በክፍያው

የክፍያው መንገድ ለሹፌሮቹ የተከለከለው በእሷ ወረቀት ነው። ይህን ማንም አልካደም፤ እሷም አልካደችም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ሳምንት ኮራ ብላ ነበር የሰነበተችው።

በጭነት ማመላለሻው ድርጅት የስምሪት ክፍል ከተቀጠረች ገና ስድስት ወሯ ነው። ከሲሚንቶ ፋብሪካው እስከ ወደቡ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተራራውን በሩቁ ዞሮ የሚያልፈው፣ ሰፊው፣ መግቢያው ላይ ገንዘብ የሚከፈልበት አዲስ መንገድ ነው። ሌላው ተራራውን ወጥቶ የሚወርደው የድሮ መንገድ ነው፤ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ያጥራል፣ ምንም አይከፈልበትም። እሷ ሁለቱን አስተያየችና አንድ ገጽ ጻፈች። አጭር ነው፣ ነፃ ነው፤ ታዲያ ለምን እንከፍላለን?

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተደገፈና «አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። በማግስቱ ትእዛዝ ወጣ። ሃያ ስምንቱም መኪኖች በድሮው መንገድ እንዲሄዱ።

ሹፌሮቹ ጥርስ ነከሱባት። «ካርታ» የሚል ስምም አወጡላት። በመስኮቷ ሥር ሲያልፉ «ዛሬስ ካርታ በየት በኩል ልካሃለች?» እየተባባሉ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እሷ ግን በዚህ የምትሸማቀቅ ልጅ አይደለችም። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የሹፌር ማጉረምረም እየሰማች ነው ያደገችው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሩ ተንኳኳና አንድ ረጅም ሰው ገባ። እጁን ታጥቧል፤ የጥፍሩ ሥር ግን ጥቁር ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ጋዜጣውን ገለጠው። የተቃጠለ ነገር ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የፍሬን ሸራ ነው። ከኋላ ጎማዎቼ የወጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ትእዛዙ ሲወጣ አዲስ ነበር።» ሸራውን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ጨመረ፤ «እርስዎ ያተረፉልን ይህንን ነው።»

ድምፁን ስትሰማ አወቀችው። በየጉዞው ማለዳ ይደውልና «ወጥቻለሁ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ይደውልና «ደርሻለሁ» ይላል። ከዚያ በላይ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ጓደኞቹ «ፍሬኑ» ይሉታል፤ ቁልቁለት በጀመረ ቁጥር ቆሞ፣ ወርዶ፣ መኪናውን ዞሮ እያንዳንዱን ጎማ ሳይፈትሽ አይንቀሳቀስም።

ቀና ብላ አየችው። ለተቆጣ ሰው የሚሆን መልስ አዘጋጅታ ነበር። ዓይኑ ላይ ግን ቁጣ አጣች። ሊያስረዳት የመጣ ሰው ዓይን ነው፤ እሱን ደግሞ አልጠበቀችውም።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሠራ?» አለችው።

ፈገግ እንደማለት አደረገው። «ኪሎ ሜትሩን አይጠይቁኝ። ቁልቁለቱን ይጠይቁኝ።»

«ወረቀቴ ላይ ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም።»

«አይቼዋለሁ። የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ጉዳዩን ለጋራዥ ያሳውቁ» ብሎ ይሸኘው ነበር። እሷ የተበላውን ሸራ አነሳችና በጣቷ ዳበሰችው። አውራ ጣቷ ላይ ጥቁር ዱቄት ቀረ።

«ሐሙስ ጭነት አለዎት» አለች። «አብሬዎት እሄዳለሁ። ያሳዩኝ።»

ማታ እራት ላይ ለቤተሰቡ ስትናገር እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«በከባድ መኪና? ከሹፌር ጋር?»

«ሥራ ነው እማዬ። ወደብ አክስቴ ጋ አድሬ በማግስቱ እመለሳለሁ።»

«ከዚህ ቤት ለመንገድ የተሰጠች አንድ ሴት ትበቃለች» አለች እናት። «እኔ ያገባሁት አምና ነው። አባትሽ ጡረታ ሲወጣ።»

አባት እንዳልሰማ ሆኖ እራቱን በላ። ልጁ ሳህኖቹን ልታነሳ ስትጠጋው ግን በሹክሹክታ «ቁልቁለቱ ላይ አታናግሪው» አላት።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ። ጋቢናው ንጹሕ ነው፤ መሪው በጨርቅ ተለብጧል፣ ከወንበሩ ጀርባ የሻይ ፔርሙዝ ተሰክቷል። ከኋላቸው አራት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ አለ። የመጀመሪያውን ሰዓት መንገዱ ሜዳ ስለነበር በልቧ «ታዲያ ምን አለበት?» ስትል ቆየች።

ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ማርሹ አንድ ወረደ፣ ደግሞ አንድ ወረደ፤ ሞተሩ እንደሚያቃስት ሰው ሆነ። ከፊታቸው አምስት ተሳቢዎች እንደ ተጎተተ ሰንሰለት ይሳባሉ። ጃንጥላውን በትከሻው ያደረገ አንድ አዛውንት በመንገዱ ዳር ሲራመድ አጠገባቸው ደረሰና ቀደማቸው።

«ሰላም ይበሏቸው» አላት ፍሬኑ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ከእኛ በፊት ይደርሳሉ።»

ሳታስበው በሳቅ ፈነዳች። ሳቋን ሰምቶ አንዴ ዞር ብሎ አያት፤ አንዴ ብቻ።

ጫፉ ላይ ደርሰው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የአባቷን ምክር አስታውሳ ከንፈሯን ገጠመች። መንገዱ ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፤ በስተግራ ገደሉ አለ። እሱ በሞተሩ ኃይል መኪናዋን ይዞ፣ ፍሬኗን በጥቂቱ እየነካ፣ እየለቀቀ ያወርዳታል። አጋማሽ ላይ አንድ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቶ ቆመ። ከኋላ ጎማዎቹ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ወረዱ።

«ነይ፣ እጅሽን እዚህ ጋ አድርጊው። አትንኪው፣ ጠጋ ብቻ አድርጊው።»

ሙቀቱ መዳፏን ገረፈው። ቶሎ ሰበሰበችው። ከዚያ ሁለቱም አንድ ነገር ገባቸው፤ «ነይ» ነው ያለው። አንገቱን ደፋና «ይቅርታ…» ማለት ጀመረ።

«ተወው» አለችው። «እኔም አንተ ልልህ ከዳገቱ ጀምሮ እየታገልኩ ነበር።»

አጠገባቸው ሌላ የድርጅቱ መኪና ጎማው እስኪበርድ ቆሟል። ሹፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ካርታ ናት?» አሉ ወደ ፍሬኑ።

«አዎ ጋሼ።»

ረጋ ብለው አዩዋት። ቁጣ የለባቸውም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ያ ወረቀት ላይ እኔን የት ጋ ነው ያስቀመጥሽኝ?»

ወደብ እስኪገቡ ድረስ ያ ጥያቄ በጆሮዋ ነበር። ሲደርሱ ሰዓቷን አየች፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሙሉ ቀን በአንድ ተራራ ላይ አልቋል።

በማግስቱ መኪናው ባዶውን ሲመለስ የክፍያውን ገንዘብ ከኪሷ ሰጠችና በአዲሱ መንገድ መጡ። አምስት ሰዓት ፈጀባቸው። ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ስትሰርዝ፣ ናፍጣውን ስትለካ፣ የጋራዡን ወጪ ስትጨምር ቆይታ በመጨረሻ «ገባኝ» አለች። «ሁሉም በክፍያው መሄድ አለበት።»

«የለበትም» አላት።

ቀና አለች። «ምን?»

«ባዶ መኪና ተራራው ምንም አያደርገውም። ዳገቱን እየዘፈንኩ ነው የምወጣው፤ ፍሬኔም አይግል። ዛሬ የከፈልሽው በከንቱ ነው። የሚገድለን ጭነቱ ነው። እና ክረምቱ። ጭጋግ ሲወርድ ባዶም ሆነ ሙሉ ያን መንገድ አልፈልገውም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሁላችሁም ‹ክፍያው ይመለስ› እያላችሁ የምትጮኹት?»

«እኛማ የምንጮኸው ስላልተጠየቅን ነው። ጠይቆን የሚያውቅ ሰው አለ እንዴ?»

እስክሪብቶዋን አንሥታ የጻፈችውን ሰረዘች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዲግሪ አላት፤ በሕይወቷ እንዲህ ቀላል አድርጎ ስህተቷን ያሳያት ሰው አልነበረም። ከመናደድ ይልቅ ለምን ደስ እንዳላት ራሷንም ገረማት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ ፍሬኑ ግቢ በዋለ ቁጥር፣ የምሳ ሰዓቱን እሷ ቢሮ ያሳልፍ ጀመር። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። የትኛው ዳገት ስንት ሊትር ይጠጣል? የቱ ኩርባ ላይ ጎማ ይላጣል? አንዳንዴ ብዕሯ ይቆምና ቀና ስትል ዓይኑን ፊቷ ላይ ታገኘዋለች። ያኔ እሱ መስኮቱን ያያል፣ እሷ ደብተሯን። ጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ አይታቸው «ይቅርታ» ብላ ትዘጋለች፤ ይቅርታ የሚያስብል ነገር ሳይኖር።

አዲሱን ወረቀት ይዛ ስብሰባ ገባች። የተጫነ በክፍያው መንገድ፣ ባዶ በተራራው፣ በክረምት ሁሉም በክፍያው። ሥራ አስኪያጁ እያነበበ ፊቱ ጠቆረ። ከመጀመሪያው ወረቀት የሚገኘውን ትርፍ ለድርጅቱ ባለቤቶች አስቀድሞ አሳውቋል፤ ምስጋናም ተቀብሎበታል።

«ከአንድ ወር በፊት ሌላ ነበር ያልሽኝ።»

«አዎ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

«ይሄ ያንቺ አይደለም። የፍሬኑ ትምህርት ነው። ግቢው ሁሉ እያወራ ነው።»

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው።

«ያስተማረኝ እሱ ነው። ልክ መሆኑን ያረጋገጥኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ወር ይስጡኝ። አሥር መኪና በዚህ ወረቀት ይሂድ፣ የቀሩት እንዳሉ ይቀጥሉ። በወሩ መጨረሻ ናፍጣውንና ጋራዡን ያስተያዩት። ከተሳሳትኩ ወንበሩን እለቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ በስብሰባው ፊት እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ወሩ ተሰጣት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬኑ ጠፋ። ቢሮዋ መምጣት ተወ። የጉዞ ወረቀቱን በጥበቃው እጅ ይልካል። ስልኩም ወደ ድሮው ተመለሰ፤ «ወጥቻለሁ»፣ «ደርሻለሁ»። ዘጠኝ ቀን ቻለችው። በአሥረኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ እያዩዋት ግቢውን አቋርጣ ጋራዡ ገባች። ከተሳቢው ሥር ሁለት ጫማ ወጥቶ ይታያል።

«ውጣ» አለች ለጫማዎቹ።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ጨርስ። እጠብቃለሁ። የሹፌር ልጅ ነኝ፤ መጠበቅ እችልበታለሁ።»

ጫማዎቹ ትንሽ አመነቱና ወጡ፤ ባለቤታቸው ተከተለ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተቀብቷል። ጨርቅ አንሥቶ እጁን እየጠረገ ቆመ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

«ለምን ሸሸኸኝ?»

«ሰው ስምሽን በእኔ እያነሳው ነው። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ያለሽን ሰምቻለሁ። በእኔ የተነሳ ሥራሽን ብታጪ…»

«ሥራዬን ሒሳቤ ይጠብቀዋል። ለሱ አንተ አታስፈልገኝም።»

አሁን ቀና አለ። ቃሉ ወግቶታል፤ ያየችው ዓይኑ ላይ ነው። ሳትቸኩል ጨረሰችው።

«የምታስፈልገኝ ለሌላ ነገር ነው። ካልፈለግክ እዚሁ ንገረኝና ወደ ቢሮዬ ልመለስ።»

ጨርቁን አጥፎ የመኪናው መከላከያ ላይ አስቀመጠው፤ ደግሞ አነሳው። ከማዶ መዶሻ ሲመቱ የነበሩት ሰዎች መምታት ትተዋል።

«‹ደርሻለሁ› ስልሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «‹እሺ› ትይና ስልኩን ወዲያው አትዘጊውም። ትንሽ ትቆያለሽ። ትንፋሽሽ ይሰማኛል። እኔ ያችን ትንሽ እያሰብኩ ነው ተራራውን የምወርደው። ሳላውቅሽ ጀምሮ። መልክሽን ሳላይ።»

«ለሌሎቹ ቶሎ ነው የምዘጋው» አለችው።

መዶሻው እንደገና መምታት ሲጀምር ሁለቱም እየሳቁ ነበር።

በወሩ መጨረሻ የጋራዡ ኃላፊ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። አሥሩ መኪኖች ለዘይት ቅያሪ ካልሆነ በቀር ደጃፉን እንዳልረገጡ፣ የቀሩት አሥራ ስምንቱ ግን ተሰልፈው እንደሚጠብቁት ተናገረ። የናፍጣውም ወረቀት መጣ፤ የክፍያው ገንዘብ ተቆጥሮም እንኳ የእሷ አሥር መኪኖች ያነሰ ነው ያወጡት። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። በመጨረሻ «እንግዲህ እኔም አብሬሽ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ፈረመ፤ ለእሱ ይህ ብዙ ነው። ለባለቤቶቹም የተሻሻለውን ወረቀት ራሱ ወሰደላቸው።

በዚያው ሳምንት ፀጉራቸው የሸበተው ሹፌር በሯ ላይ ቆሙ። ቆባቸውን አውልቀው ይዘዋል።

«ትናንት ገና ፀሐይ ሳለች ቤቴ ገባሁ» አሉ። «ሚስቴ ‹ከሥራ አባረሩህ እንዴ?› አለችኝ።» ከት ብለው ሳቁና ሄዱ። «ካርታ» የሚለው ስም እንዳለ ቀረ፤ አጠራሩ ግን ተለወጠ። አሁን ሲጠሯት መንገድ ሊጠይቋት ነው።

የቀረው ቤቷ ነው። እናቷን አንድ ጠዋት ልብስ ስታጣጥፍ አግኝታ ነገረቻት። እናት የያዘችውን አንሶላ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

«ሹፌር ነው።»

«አዎ።»

«የኔን ሕይወት አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ላንቺ ማንም የነገረሽ ነገር አልነበረም። እኔ የት እንዳለ፣ በየት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚገባ አውቃለሁ። ስምሪቱን የማወጣው እኔ ነኝ እማዬ።»

«ማወቅ አልጋ አያሞቅም» አለች እናት። ቆይታ ግን «እሁድ ይምጣ፤ ዓይኑን ልየው» አለች።

እሁድ ፍሬኑ ከታላቅ እህቱ ጋር መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሮቹን እስኪቀሉ ድረስ ፈግፍጓቸዋል። በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ጫፍ ጫፏን ተቀመጠ። እህቱ ስለ ወንድሟ ጠባይ፣ ስለ ቆጣቢነቱ፣ ወላጆቻቸው ካረፉ በኋላ እሷን እንዴት እንደረዳት ተናገረች። እናት በጨዋነት ሰማቻት። ሻዩ ቀረበ። ከዚያ እናት ኩባያዋን አስቀመጠችና ቀጥታ እሱን አየችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። በወር ስንት ሌሊት እቤትህ ታድራለህ?»

ፍሬኑ አልቸኮለም። በአውራ ጣቱ ሌሎቹን ጣቶቹን እየነካ በልቡ ቆጠረ።

«ድሮ ዘጠኝ ነበር» አለ። «አሁን በአዲሱ ስምሪት አሥራ አራት ነው። ክረምት ላይ ከአሥራ ሁለት አይበልጥም።»

እህቱ በክርኗ ጎነጠችው። ሃያ ቢል ምን ነበረበት? አባት ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል።

«እሱ» አለች እናት በአገጯ ባሏን እያሳየች፣ «ሲጠይቀኝ ‹ሁልጊዜ ካንቺ ጋር ነኝ› ነበር ያለኝ።»

«ልጅ ነበርኩ» አለ አባት።

«ውሸታም ነበርክ።»

«ሁለቱንም ነበርኩ» አለ አባት፤ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። «አሥራ አራት ብልሽ እምቢ ትይኝ ነበር ብዬ ፈርቼ ነው።»

እናት ባሏን ስታየው ፊቷ ላይ ለሃያ ስድስት ዓመት ተቋጥሮ የቆየ አንድ ነገር ሲላላ ልጇ አየች።

«እምቢ አልልህም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ስንት እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ግን የቀሩትን አልጠብቃቸውም ነበር።»

ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረች። «አሥራ አራቱንስ ምን ታደርጋቸዋለህ? ስትተኛባቸው ነው የምትውለው?»

«የመጀመሪያውን ቀን እተኛለሁ» አለ ፍሬኑ። «አልዋሽዎትም።»

መጀመሪያ የሳቀው አባት ነው። ከዚያ እህቱ፤ ከዚያ ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና። እናት ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም።

«ተነስ ከበሩ አጠገብ» አለችው። «ብርድ ይመታሃል። ወደ ውስጥ ግባ።»

ተነሣ። አባት በሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ልጅቷ ከማዶ ሆና አየችው፤ እሱም አያት፤ ማንም ወደ መስኮት ዓይኑን አልመለሰም።

«ረቡዕ ምሳ ላይ የት ነህ?» አለች እናት ኩባያዎቹን እየሰበሰበች።

አፉን ሊከፍት ሲል ልጅቷ ቀደመችው። «ረቡዕ ባዶውን በተራራው ይመለሳል። ስምንት ሰዓት ላይ ይገባል።»

በዚያ ቤት ምሳ፣ አባት ኖረም አልኖረም፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

«እንግዲያው» አለች እናት፣ «ረቡዕ ምሳ በስምንት ሰዓት ነው።»